ፍሬኑ ያዘ?

«ርገጥ!» አለች እየሩስ ከትንሿ የውድድር መኪና ሥር። ባሏ አፈወርቅ ፍሬኑን ረገጠ። ብሎኑን ላላ አድርጋ ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየሩን አስወጣችና መልሳ አጠበቀችው። የመኪናዋ ነጂ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ባትሪ ያበራላት ነበር፤ ምን እንዳላት እንጃ፣ ከት ብላ ሳቀች። ከባሏ ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም።

«ያዘ?»

ፔዳሉ እግሩ ሥር ድንጋይ ሆኗል። ግን በጋራዣቸው ደንብ፣ ፍሬን የሠራ ሰው ለሙከራ ከነጂው ጋር የሞላሌን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል።

«ገና ነው፤ ይሰምጣል» አላት።

እየሩስ ወጥታ እግሩን ገፋ አደረገችና ፔዳሉን በመዳፏ ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም። ቀና ብላ አየችው።

«በል ውረድ።»

መኪናዋ ሁለቱን ይዛ ቁልቁል ስትፈተለክ፣ አፈወርቅ መንገድ ዳር ቆሞ ሳያስበው መሬቱን በቀኝ እግሩ አጥብቆ ረገጠ።