የሁሉም እናት

የከተማችን ምክር ቤት ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ ሲሾም አንድ ሕግ አለው፤ ተሿሚው የገዛ ልጁን ከሌላው ልጅ አብልጦ እንዳይወድ መርፌ ይወጋል።

ፈተናውን አልፌ ፊርማ ብቻ ሲቀረኝ፣ ተሰናባቹ ኃላፊ አቶ መኩሪያው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በእኔ ጊዜ አንድም ልጅ ተርቦ አላደረም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከተማው በሙሉ ይመሰክራል።

«የእርስዎ ልጅስ፣ ጋሼ?»

ከደረት ኪሳቸው ፎቶ አውጥተው ጀርባውን አነበቡ። «ትርሲት ትባላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።» የጎረቤት ልጅ የሚያስተዋውቁኝ ይመስሉ ነበር። «ልብ ያልያዘው ነገር ከጭንቅላትም ይወጣል፣ ልጄ። ጽፈሽ ያዢ።»

እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ግን እኔ ያደግሁት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ያኔ ሕጉ አልወጣም ነበር፤ ለእኛ የተላከው ወተት የኃላፊዎቹ ልጆች ቤት ሲገባ በመስኮት አይቻለሁ።

ፈረምኩ።

ነርሷ መርፌውን እስክታዘጋጅ የልጄን ፎቶ ገልብጬ ለራሴ ጻፍኩ፦ «ብሩክታይት ትባላለች። ሽንኩርት አትወድም፤ ምሳዋን ስትቋጥሪ አንድ በአንድ እየለቀምሽ አውጪላት።»