የማን ወፍጮ ልበል?

መስጊዱ በር ላይ ስደርስ አንድ ጫማ ብቻ ነው እግሬ ላይ የቀረው። ሌላው የት እንደወለቀ አላውቅም። ከወፍጮ ቤቴ እስከዚያ የሮጥኩት ፀጉሬና ቅንድቤ ላይ ዱቄት እንደነጣ ነው። የበቾ ቦሬ ሰው ቆሞ ያየኛል። በሌላ ቀን ቢሆን አፍሬ መሬት ትዋጠኝ እል ነበር፤ ያን ዕለት ግን ለማፈርም ፋታ አልነበረኝም።

ሼህ ሀቢቡላህ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ያራግፋሉ። ሰው ሲሞት፣ ልጅ ሲጠፋ በድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ከሆሳዕና መጥቼ እዚህ ስድስት ዓመት ስኖር ያንን በር አልፌ አላውቅም። ያን ዕለትም አላለፍኩም። ደጃፉን በሁለት እጄ ይዤ፣ «ሼህ፣ ሰው ልገድል ነው» አልኳቸው።

ምንጣፉን አስቀመጡ።

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ጠዋት ቦና የሚባል ገበሬ በቆሎ ሊያስፈጭ መጣ። እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ሳወጣው ጣቶቼ ሮዝ ሆነው ወጡ። ጆንያው ቀለም ለቆ ነው ብዬ ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ መብራትም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይኼው ነው። ከእሱ በኋላ ሦስት ሴቶች አስፈጩ። ሰልፉ አልቆ ወፍጮውን ላጸዳ ስከፍተው ውስጡ የተጋገረው ዱቄት ሮዝ ነው። ቦና ጋ ደወልኩ። ከዘር የተረፈው ምርጥ ዘር ኖሯል፣ ተባይ እንዳይበላው ሮዝ መርዝ የተለወሰ። «ሦስቴ አጥቤዋለሁ እኮ ሐዳሳ» አለኝ፣ እኔን ማጽናናቱ ነው። አንድ እፍኝ እንዳይቀምስ ለምኜው ዘጋሁት።

ወፍጮ ከፊተኛው ሰው ትንሽ አስቀርቶ ለኋለኛው ይሰጣል። ጤፍ ያመጣ ሰው ከበቆሎ ቀጥሎ አልገባም ብሎ የሚጨቃጨቀው ለዚህ ነው። ከሦስቱ ሴቶች ወርቅውሃ ጎረቤቴ ስለሆነች ጆንያዋን ከቤቷ ጎትቼ አወጣሁ። ማሂራ ስልኳን አነሳች፤ ገና አልነካችውም። የቀረችውን አንዷን ግን አላውቃትም። ከቦና ቀጥላ የገባችው ደግሞ እሷ ናት። አዲስ ፊት ናት፣ ያመጣችውም ትንሽ ነው። ለአራስ ገንፎ ነው፣ ቶሎ በዪልኝ አለችኝ። ቶሎ አልኩላት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከሄደች አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው። ገንፎ ለማገንፋት ስንት ደቂቃ እንደሚበቃ አውቃለሁ፣ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ።

ሼሁ እየተጣደፉ ገቡ። ያኔ ስልኬ ጮኸ። ባሌ አጵሎስ ነው፣ ሊሙ ገነት ቡና ሊያስጭን ሄዷል። ቅድም ስነግረው ደንግጦ ዘግቶብኝ ነበር፤ አሁን አስቦበት ነው የደወለው። ይነገር፣ ግን ስም አይጠራ አለኝ። አንድ ወፍጮ ቤት ይበሉ፣ በቃ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቻችንን የምናበላው በዚያ ወፍጮ ስለሆነ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበርና እሺ አልኩት።

ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። ሼሁ ማይኩን ይዘው፣ ሽቦውን እየጎተቱ በሩ ድረስ ብቅ አሉ።

«የማን ወፍጮ ልበል?»

በሰፈሩ ሦስት ወፍጮ ቤት አለ። አንድ ወፍጮ ቤት ከተባለ ያቺ ሴት የእኔን የፈጨው አይደለም ብላ ለአራሷ ታቀርባለች። የሐዳሳ ከተባለ ግን ከዛሬ ወዲያ ማን ጆንያ ያወርድልኛል? በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ያቺን አራስ አይቻት አላውቅም፤ ግን ትራስ ተደግፋ ስትጠብቅ ታየችኝ።

«የሐዳሳ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

«እ?»

«የሐዳሳ ወፍጮ ይበሉ። ትራንስፎርመሩ ጎን ያለው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አይቼው ነው ያሳለፍኩት።»

ትንሽ አዩኝ። «አብሽሪ ልጄ» ብለው ተመለሱ።

መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ። ዛሬ ጠዋት ሐዳሳ ወፍጮ ቤት ያስፈጨ ሰው ዱቄቱን እንዳይበላ፣ መርዝ ነክቶታል። ስሜ በቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ላይ ሲያልፍ ሰማሁት። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ደንበኛዬ በሯ ላይ ቆማ አየችኝ፣ ገባች፣ ባለፈው ሳምንት የፈጨሁላትን ዱቄት በሳፋ ይዛ ወጥታ ቦዩ ውስጥ ደፋችው። ያ እንኳ ንጹህ ነበር።

ማንም አልመጣም። ድገሙልኝ አልኩ፣ ደገሙልኝ። አሁንም ማንም የለም። በልታ ይሆናል። ሕፃኑን እያጠባች ይሆናል። «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» እያልኩ ነበር ለካ፣ በመስጊድ በር ላይ። ሼሁ ሰምተዋል፤ ጎኔ መጥተው ቆሙ።

ከዚያ ከቅያሱ ጫፍ አንዲት ሴት ብቅ አለች። እሷ ናት። ትኩስ ሳህን በጨርቅ ይዛ፣ እያለከለከች፣ ሰውን በትከሻዋ እየገፋች መጣች። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም። ሰላምም አላለችኝ። ሳህኑን ባዶ እግሬ አጠገብ አስቀመጠችው።

እንደምንም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገንፎው እንፋሎቱ ገና አልበረደም። ዙሪያው ሳይቆረስ እንደተድበለበለ ነው፤ ለቅቤ የተቦረቦረው መሃሉ ደረቅ ነው፣ ጠብታ አልገባበትም።