ከእህት ቤት የማይደርስ ጥሪ

እትዬ አልጣሽ፣ «የሰው ሁሉ ስልክ ይገባል፤ የታናሽ እህቴ ብቻ አይደርሰኝም» ብለው ለስልክ መሥሪያ ቤቱ አመለከቱ። የተላከው ጠጋኝ ሽቦውን ከሳሎኑ እስከ ምሰሶው ፈትሾ ብልሽት አጣ።

«ለመሆኑ እርስዎ ደውለውላቸው ያውቃሉ?»

«ተኳርፈናል እኮ። ታላቅ ሆኜ እኔ ልደውል? እሷ ካልደወለች መስመሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

ጠጋኙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ እህትየው ቤት ራሱ ደወለ። ስልኩ ወዲያው ተነሳ። ያነሳው ግን የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ነበር።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እትዬ ውድነሽ የእህቴ ጥሪ አይደርሰኝም ብለው አመልክተው ነዋ።»

እትዬ አልጣሽ እጅጌውን ጎተት አደረጉት። «ደህና ናት ወይ በለው» አሉ በሹክሹክታ፤ «እኔ ጠየቅኩ እንዳትል።»

ጠየቀ። በወዲያኛው ጫፍ ሹክሹክታ ተሰማ።

«ደህና ናቸው» አለ ባልደረባው፤ «ይህን ያሉት ግን እሳቸው አይደሉም።»