ነጭ ነጩን

ወልደአረጋይ ድንኳን ሰፊ ነበር። አንኮበር የመኳንንት መቀመጫ በነበረች ጊዜ መርፌ ከእጁ አይለይም ነበር፤ ጌቶቹ ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ግን ሥራውም አብሯቸው ሄደ። ከብቱ ሁሉ ባለቀበት፣ እህል በጠፋበት በዚያ ክፉ ዘመን የቀሩት ሚስቱ ሸዋወርቅና ከአልጋው ሥር ያለ አንድ ስልቻ የጨርቅ ቁራጭ ብቻ ነበሩ። እሱም ብርድ ብርድ የሚያሰኝ በሽታ ጥሎት፣ ቤቱ ውስጥ ባለችው በአንዲት ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን ሸዋወርቅ ስልቻውን ጎትታ አወጣችና ቁራጩን በሩ ላይ ዘርግታ ትመርጥ ጀመር። ምነው ቢላት፣ ዝም ብሎ ከሚበሰብስ ልስፋበት ብዬ ነው አለችው። ምን እንደምትሰፋ ግን አልነገረችውም። ሸዋወርቅ ነገር የምትደብቅ ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ነገሩ አላማረውም።

ነጭ ነጩን ትወስዳለች። ቀዩን ከፈይና የሐሩን ቅዳጅ ለብቻው ትቋጥራለች። ይኼን ሲያይ ፈራ። በዚያ ሰሞን እግሩ የሚራመድለት ሁሉ እህል አለ ወደተባለበት ወደ ምንጃር ይወርድ ነበር፤ መንገደኛ ደግሞ በእህል የሚለውጠው ነገር ይቋጥራል። የታመመ ባሏን ጥላ የወረደች ሴትም አንድና ሁለት አይደለችም። ወልደአረጋይ ብቻውን ከቀረ ውሃ የሚያቀብለው እንኳ የለም። አለቀለት ማለት ነው።

ጨርቁ እየሰፋ ሲሄድ በራሷ ቁመት ትለካው ጀመር፤ ከአናቷ እስከ እግሯ፣ ከዚያም ትንሽ አሳልፋ። እሱ ተኝቶም ቢሆን ዓይኑ የሰፊ ዓይን ነው። አንገት የለውም፤ እጅጌም የለውም። ቀን የምትደርበው፣ ሲመሽ የምትጠቀለልበት የመንገድ ልብስ ነው ብሎ ቆረጠ። እያናደደችውም ቢሆን ክፉ ስፌት ማየት አይወድምና፣ መርፌሽ ይራራቃል፣ እንዲህ ከሆነ ቶሎ ይተረተራል አላት።

«ግድ የለም፤ ለእኔ ይበቃኛል» አለችው።

ከዚያ እንዝርቷን ለጎረቤቷ ለአልታየች ሰጠች። አልታየች ባሏን ባለቻት ጋቢ ገንዛ ከቀበረችው ወዲህ ብርዱ ደረቷ ገብቶ ትስል ነበር፤ ሸዋወርቅ እሷን ጠይቃ በመጣች ቁጥር መርፌዋን ታፈጥናለች። አብረው ሊወርዱ ተማክረዋል፣ አለ ወልደአረጋይ በልቡ። ስንት ዘመን ካኮረፈቻት እህቷም ጋር ታረቀች። ከነፍስ አባቷ ከቄስ ዘርአ ዳዊት ዘንድ ሄዳም ዓይኗ አብጦ መጣች። ይኼ ስንብት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አብራው መብላትም ተወች። ከየትም ብላ ጥቂት ገብስ ታመጣና ቆልታ እፍኙን ሙሉ ለሱ ትሰጠዋለች። አንቺስ ሲላት፣ አልታየች ቤት ቀምሻለሁ ትለዋለች። አልታየች ቤት ደግሞ ምን ተገኘ? ለመንገድ ያኖረችውን ስንቅ ተደብቃ ትበላለች ብሎ ጠረጠረ። እየጠረጠረም የሰጠችውን አንዲት ሳያስቀር ይቆረጥማል።

በመጨረሻ አልቻለም፣ ጠየቃት።

«ሸዋዬ፣ ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ይቺን ጋቢ ከላይህ እንዳታወርዳት። ምንም ነገር ቢመጣ ለማንም እንዳትሰጥ። ማልልኝ» አለችው።

ማለላት። የጠየቀውን ሳትመልስለት መቅረቷ ግን አንጀቱን በላው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

አንድ ጠዋት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ለኪዳን ወጣች። ወልደአረጋይ እንደምንም ተነሣ። ልብሱን ከባዶው ጎታ ውስጥ አገኘው። ቢዘረጋው አልቆ ኖሯል፤ ከድንኳን የተረፈ፣ ከቀሚስ የተረፈ፣ ከቄስ ጥምጥም የተረፈ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተያይዟል። ነገ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ያለሱ በዚህ ብርድ የአንኮበርን ቁልቁለት አትወርድም፤ እሱም ብቻውን አይሞትም። ምድጃው ላይ ጨመረው። ሲነድ ቆሞ አየው እንጂ አላወጣውም።

ሸዋወርቅ ስትመለስ አመዱን አየችው።  ስልቻውን ወደ ራሷ ስባ እስከ ታች ድረስ በረበረችው። ነጭ አልቆ ነበር። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና ጋቢውን እስከ አንገቱ ድረስ ሳበችለት። ወልደአረጋይ አፈረ፤ ግን ዕፎይም አለ። ከዚህ በኋላ የትም አትሄድም።

በማግስቱ ጎኗን አሳረፈች፤ እንደተኛች ቀረች።

በአልታየች ጩኸት ሰው ተሰበሰበ፤ ቄስ ዘርአ ዳዊትም መጡ። ወልደአረጋይ የሚሸፍንበት ሌላ ነገር አልነበረውምና እያለቀሰ ጋቢውን ከላዩ ገፎ ሊያለብሳት ሲል ቄሱ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ አንተ ልበሳት፤ ጋቢህ እንዳይነካ ብላ በቁራጭ ስትሰፋ የከረመችውን መገነዣዋን አምጣልኝ።»