ቁልፉ በኪሱ ነበር

ከአራተኛው ኮንሰርት በኋላ በነጋታው ፒያኖ ቃኚው ወደ ጋለሪው ሲገባ ደሙ ፈልቶ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ትናንትም ፒያኖው ከቅኝት ወጥቷል» አለችው። «የቀኝ ጫፉ። ሰዎች ቅሬታ ጽፈዋል።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? ሂጂና ብሎንን ጠይቂው!»

ብሎን የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣው ቃኚው ራሱ ነው። የዘንድሮዎቹን ስድስት የአዲስ ሙዚቃ ኮንሰርቶች የሚያዘጋጀው ወጣት የሙዚቃ ደራሲ የፒያኖውን ክዳን ይከፍትና በሽቦዎቹ መሃል ብሎን፣ የላስቲክ ቁራጭና የልብስ መቆንጠጫ ይሰካል። ከዚያ ይቀጠቅጠዋል። ሰዉም ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ቃኚው ያንን ፒያኖ ሠላሳ ዓመት በገዛ እጁ ተንከባክቦታል።

«ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ከተበላሸ ሌላ ቃኚ ለመጥራት እገደዳለሁ» አለች ሥራ አስኪያጇ አንገቷን ደፍታ። «ካልሆነ አሁን በስልክ የሚቃኙበት ነገር አለ ይላሉ። ቢሞክሩት...»

«በስልክ!» ቃኚው መፍቻውን ከቦርሳው አውጥቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘው። «ይህ እጅ የቀኝ ጫፉን ሽቦዎች ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል። የት ላይ እንደሚቆሙ ማንም አይነግረውም!»

እሷ የሆነ ነገር አጉረመረመች። የዛሬ ሴቶች ሲናገሩ ቃሉን ግማሹን ይውጡታል። ጥሏት ሄደ።

ለአምስተኛው ኮንሰርት ጓጉንቸር ገዛ። ጠዋት ቃኝቶ ሲጨርስ ክዳኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው። በዚህ ሁሉ ወራት ውስጥ ያገኘው አንድ እፎይታ ቢኖር፣ ሲቃኝ በመስኮቱ እየጮኹ የሚያናድዱት ትናንሽ ወፎች ዘንድሮ ድምፃቸው መጥፋቱ ነው። የብሎንን ሙዚቃ እነሱም አልቻሉትም ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፉን በራሱ እጅ ለሥራ አስኪያጇ ሰጠ። በዚያ ቀን ብሎን ሦስት ሰዎች የነሐስ ሳህን አስይዞ፣ ሳያስመታቸው ለረጅም ጊዜ አቆማቸው። ይህም ሙዚቃ ነው ተባለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ፒያኖው ተከፈተ። ብሎን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት ፊቱን አጨማደደና ወደ ቃኚው ዞር ብሎ አየው።

«አሁንም ነው፣ ጋሼ» አለች ሥራ አስኪያጇ ሲያልቅ።

«ቁልፉ እኮ በኪሴ ነበር!»

«እሱ ነው እኔንም የገረመኝ።»

ቃኚውን ግን አልገረመውም። ብሎን ቁልፉን አስቀርጿል። ያን አንገቱን አንቆ የት እንዳስቀረጸው ቢያስለፈልፈው ደስ ባለው።

ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ስለ ብሎን እያሰበ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አያውቅም። ሚስቱ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

«አንተ ሰውዬ! አጠገብህ ተቀምጦ እያፏጨ ማንቆርቆሪያው እስኪያር ድረስ? ልታቃጥለን ነው?»

«የሚቃጠለው ሌላ ነው!» ብሎ ጮኸባት። «እሑድ መጥተሽ ታያለሽ። ያን ሌባ በሕዝብ ፊት ነው የማዋርደው።»

«እኔ እንኳ የምፈራው ሌላ ነው» አለች በቀስታ። እሱ አልጠየቃትም።

በስድስተኛው ኮንሰርት ቀን ማለዳ ገብቶ ቃኘ። ከዚያ ወንበር ስቦ ፒያኖው አጠገብ ተቀመጠ። ምሳውን እዚያው በላ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ትንሽ ንፋስ ይቀበሉ እንጂ» ቢለው ዘበኛውንም ሰደበው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፒያኖውን ዝንብ እንኳ አልነካውም።

ሰዉ ገባ። አዳራሹ ሞልቶ ኋላ የቆመም ነበር። የመጀመሪያው መደዳ ግን፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ስለተገተሩበት፣ ባዶ ነበር። ቃኚው እዚያ ብቻውን ተቀመጠ። የታደለውን ፕሮግራም ሳያነብ አጣጥፎ ማራገቢያ አደረገው።

ብሎን ፒያኖውን ተጫወተ። ሥራ አስኪያጇ ከግድግዳው ጥግ ሆና ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ማንም አልነካውም፤ እሱ ራሱ ሲጠብቀው ውሏል። ስለዚህ እሷም አለችበት! ሁለቱ ተማክረው ሠላሳ ዓመት የለፋበትን ሰው ሊያባርሩት ነው።

ቀጥላ አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ወጣች። ከቫዮሊኑ ወደ ማጉያዎቹ የሚሄድ ገመድ ተዘርግቷል። ደጋኗን ከክሮቹ ጫፍ ላይ አሳረፈች። እጇ ሄደ፣ ተመለሰ። ምንም የለም። እንደገና ሄደ፣ ተመለሰ። አሁንም ምንም። ላብ በግንባሯ ይወርዳል፤ የደጋኗ ፀጉር እየተበጠሰ ይበናል። ቃኚው አንድ ደቂቃ ታገሠ፤ ሁለት ደቂቃ ታገሠ። ያኛውስ ሳህን ይዘው ዝም ማለት ነው፤ ይህ ግን ሰውን ዓይኑ እያየ መዝረፍ ነው። ለእነዚህ አጭበርባሪዎች ብሎ ነው የሚባረረው?

ተነሣ።

«ይብቃ!» አለ ጣቱን ወደ ልጅቷ ቀስሮ። «እስከ መቼ ነው ሰው የምታሞኙት? እጇን ከማመላለስ በቀር ምን ሠራች? ባዶ ነው! ምንም ድምፅ የለም!»

ልጅቷ አላቆመችም። ቃኚው በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ።

«እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ድምፅ የሰማ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያንሣ!»

ብሎም ወደ ሕዝቡ ዞረ።

ከሥራ አስኪያጇ እስከ ዘበኛው፣ ኋላ የተቀመጠችው ሚስቱም ሳትቀር፣ ሰው ሁሉ ሁለት እጁን አንሥቶ ጆሮውን ደፍኖ ነበር።