የግዛቸው ተራ

"አንድም ቀን አላለፈውም!" ትላለች አለምነሽ፣ የግዛቸው ሚስት። "ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በእጄ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

ዶክተር ሶልያና የሕክምና ክፍሉን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። ጓንቷ ላይ ደም አለ።

"እናቴ፣ የልቡ ደም ሥር ውስጥ ያስገባንለት ቱቦ ተደፍኗል። በፊኛ እንከፍተዋለን፣ ደሙ መልሶ ይረጋል። በምርመራውም ደሙ የደም ማቅጠኛ ክኒን የሚወስድ ሰው ደም አይመስልም። ወስዶ ከሆነ ብጨምርበት ሊደማብኝ ይችላል። ካልወሰደ ደግሞ አሁኑኑ መስጠት አለብኝ። እስቲ በደንብ ያስታውሱ።"

"ጌታ ምስክሬ ነው፣ ልጄ! ምን ብዬ እዋሻለሁ?"

እውነቷን ነው፣ አልዋሸችም። የማታውቀውን የማውቀው እኔ ነኝ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቧ የተቀመጥኩት፣ "ከድር ወንድሜ" እያለች ክንዴን የያዘችኝ ሰውዬ።

ከሦስት ወር በፊት እኔና ግዛቸው በአንድ ሳምንት እዚሁ ያው ቱቦ ገብቶልን ወጣን። ወዲያው ደም ማቅጠኛው ከየፋርማሲው ጠፋ። እሱ ቀድሞ የገዛው ነበረው፣ እኔ አልነበረኝም። ለሚስቱ "ቁርስ ልብላና እውጠዋለሁ" እያለ ክኒኑን በሶፍት ጠቅልሎ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ወደምሸጥበት ያመጣልኝ ጀመር። አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእሱ።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፣ ደደብ! "አንድ ቀን እንዳታሳልፉ" ስንባል ሁለታችንም ጆሮ ነበረን።

አሁን ብናገር አለምነሽ በምን ዓይኗ ታየኛለች? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው እዚህ በር ላይ አልተቀመጠም።

"ዶክተር፣" እላለሁ፣ "ቀን እየዘለለ ነው የሚወስደው። ግማሹን ለእኔ ነው የሚሰጠኝ።"

የአለምነሽ እጅ ከክንዴ ላይ ይነሳል።

"የዛሬውንስ?" ትላለች ዶክተሯ።

ዛሬ የእሱ ተራ ነበር። ጠዋት ግን ደረቴን ሕመም ጨምድዶ ይዞኝ የዓሣ ሚዛኑን ተደግፌ አገኘኝ። ሶፍቱን ፈትቶ ክኒኑን መዳፌ ላይ አኖረው። "ዛሬም አንተ ውሰድ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለኝ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እዚያው፣ ከዓሣዬ ሣጥን አጠገብ ወደቀ።

"የዛሬውንም እኔ ነኝ የዋጥኩት።"

ዶክተሯ እየሮጠች ትገባለች። አለምነሽ ተነስታ ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። ምንም አያመኝም።