ከድስቱ የቀረ እፍኝ

«እናትየዋንና ልጇን ክርስትና የሚያነሳ ማነው?» ቄስ ዬሱዲያን ደግመው ጠየቁ።

የተነሳ የለም። ጣሪያው ላይ ያለችው ማራገቢያ ብቻ እያቃሰተች ትዞራለች። የጥምቀቱ የነሐስ ሳህን ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። ቫሊ ልጇን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ በሩ ጋ፣ የሴቶቹ ምንጣፍ አልቆ ባዶው ሲሚንቶ የሚጀምርበት ላይ ቆማለች። ከቦዩ ማዶ ናት፣ የሞተ ከብት ከሚያነሱት ሰዎች ሰፈር። ከነሱ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም። የጥምቀቱን ትምህርት የተማረችው እንኳ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ውጭ ቆማ ነው።

ከሴቶቹ መሃል የተቀመጠችው ፓክያም ዞር ብላ አላየቻትም። ፈራች።

ትናንት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አሩላፓን፣ ቤት ለቤት ዞረው ነበር። «አይጠመቁ አላልኩም» አሉ። «ጥምቀት መከልከል ኃጢአት ነው። ግን በደንባችን ክርስትና የሚያነሳው የሌለው ሰው አይጠመቅም። ስለዚህ ማንም አይነሳ፣ በቃ።» ለፓክያም ደግሞ ጨመሩላት። «የልጅሽ የኪሩባይ ሠርግ ደርሷል። የሙሽራው ቤተሰቦች የታንጃቩር ከተማ ሰዎች ናቸው፣ ወሬ ይሰማሉ። ያስማማሁት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔ ነኝ።»

ኪሩባይ አሁን አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ላይ የጃስሚን አበባ ሰክታ።

ፓክያም ጭኗ ላይ ያለውን የጨርቅ ከረጢት ጨበጠችው። የሳምንቱ ሩዝ ነው። የዚህ አገር ሴቶች ድስት በጣዱ ቁጥር ለሚስዮን ብለው አንድ እፍኝ ያስቀራሉ። እሑድ አምጥተው ቅርጫቱ ውስጥ ያፈሱታል፤ እሱ ተሸጦ ወንጌል ላልደረሳቸው ሰባኪ ይላካል። እናቷም እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች። ፓክያም ልጆቿ በተራቡበት በጎርፉ ዓመት እንኳ አልተወችውም። እፍኙን ስታነሳ ሁልጊዜ «ጌታ ሆይ፣ ሰው አምጣ» ትላለች።

«የለም ማለት ነው?» አሉ ቄሱ ድምፃቸው ወርዶ። መጽሐፋቸውን ሊያጥፉት ነው።

ፓክያም ተነሳች።

«እማ!» አለች ኪሩባይ በሹክሹክታ፣ የእናቷን ሳሪ ቀሚስ ጫፍ ይዛ።

«እኔ አነሳቸዋለሁ።»

«ቁጭ በይ አንቺ ሴትዮ!» አሩላፓን ከወንዶቹ ወገን ብድግ አሉ። «ትናንት የነገርኩሽን ረሳሽው?»

«ኧረ አልረሳሁም ጋሼ። እንቅልፍ ያጣሁት በምን ሆነና! መጽሐፍ ቅዱሱ ይኸው እጅዎ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች አይግቡ የሚለውን ያሳዩኝና እቀመጣለሁ። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

አሩላፓን አልገለጡትም። «ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ተጽፏል እንዴ? የአባቶቻችን ልማድስ?»

«ለልማድ ከሆነማ ሉተራን የሆንነው ለምንድነው?»

ከወንዶቹ መሃል አንድ አዛውንት ሳቅ አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት። የአሩላፓን ፊት ጠቆረ። ቢሆንም ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«እሺ። የዛሬውን ሩዝ በሙሉ ውሰጂላቸው። እዚያው ሰፈራቸው ዳስ እንጥልላቸውና ይጸልዩ። ማን ጠላቸው?»

«ሩዙ ይድረሳቸው፣ ውሃው ይቅርባቸው?» ፓክያም ከረጢቱን ከፍ አደረገችው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ከልጆቼ ጉሮሮ እየቀነስኩ ያመጣሁት እኮ እነሱን ፍለጋ ነው! ተራራ ውጡ፣ ባሕር ተሻገሩ፣ ፈልጉ እያልን ሰው ስንልክ ኖርን። እነሱ ቦዩን በእግራቸው ተሻግረው መጡ። አሁን በር እንዝጋባቸው? ጌታ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው፣ ሩዙን አምጥቼ ሰዎቹን መለስኳቸው ልበል?»

«ሠርጉ ቀርቷል!» አሉ አሩላፓን። «ሁላችሁም ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ እጄ የለበትም።»

ፓክያም ልጇን አላየቻትም፤ ካየቻት እንደምትቀመጥ ታውቃለች። ከረጢቱን እዚያው አስቀምጣ በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች።

«ይቅርብዎት እናቴ» አለች ቫሊ። «በእኛ የተነሳ ልጅዎ...»

«ዝም በይና ልጁን ስጪኝ። ውይ! ምን እያበላሽው ነው? ክብደቱ ድንጋይ እኮ ነው!»

ቫሊ ሳታስበው ሳቀች። ፓክያም ልጁን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፣ በሌላው እጇ እናቱን ይዛ፣ በሴቶቹ ምንጣፍ መሃል ለመሃል ወደ ፊት አመጣቻቸው። ሴቶቹ እንዳይነካቸው ሳሪያቸውን ሰበሰቡ። ቄስ ዬሱዲያን የታጠፈውን መጽሐፍ መልሰው ገለጡት፤ ድምፃቸውም ተመልሷል። መጀመሪያ እናትየዋ ተጠመቀች። ውሃው አናቱን ሲነካው ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ቄሱ ጮኸው ለመጠየቅ ተገደዱ።

«ቃሉን እያስተማርሽ ታሳድጊዋለሽ?»

«አሳድገዋለሁ!» አለች ፓክያም፣ ከልጁ ጩኸት አስበልጣ።

ከዚያ ዞረች።

ሴቶቹ ረጅሙን ምንጣፍ ጠቅልለው ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል። እሷ የነበረችበት ቦታ ባዶ ሲሚንቶ ሆኗል። ሲሚንቶው መሃል ላይ ኪሩባይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። የሩዙን ከረጢት አቅፋለች። እናቷን፣ ቫሊንና የሚያለቅሰውን ልጅ ስታይ፣ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።